ሁለት ሰው የያዘች የጤፍ ደሴት

ፍኖተ ሰላም ከብት ገበያ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ስጣራ ቡሬ ያለ በሬ ጆሮውን ያቆማል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የቡሬ ሰዎችም ይመሰክራሉ። በሬዎቹን የጠየቀ ግን የለም። ሥራዬ የከብት ድለላ ነው። የከሳውን ወይፈን “አጥንቱ ሰፊ ነው፣ ሥጋው መንገድ ላይ ነው” ብዬ፣ ያረጀችውን ላም “ስንት ክረምት ያየች አዋቂ ናት” ብዬ አሻሽጣለሁ። ገዥም ሻጭም ስቆ ይሄዳል። ይህ ውሸት አይባልም፤ ነገርን የበዓል ልብሱን አልብሶ ማሳየት ነው።

በዚሁ ድምፄ የተነሳ በአዝመራ ጊዜ ጌታሁን የሌለበት ደቦ ጨው የሌለው ወጥ ነው ይባላል። እህቴ ሠርክአዲስ ከጅጋ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ፣ ከሟች ባሏ የቀረላት የጤፍ ማሳ አላት። በዚያ ሰፈር ደቦው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ዛሬ ያንተን ያጭዱልሃል፣ ሌላ ቀን የእነሱን ታጭዳለህ። እኔ አላጭድም። ማሳው ዳር ዱላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ እሸልላለሁ፤ የሚፈጥነውን አሞግሳለሁ፣ የሚያንቀላፋውን እሰድባለሁ። አንድ ዓመት በእኔ ሽለላ የጋሉ አጫጆች የባለቤቱን ማሳ ጨርሰው ድንበር ተሻግረው የጎረቤቱን ቢያጭዱት ሽማግሌ ተቀምጦበታል።

በዚያ ደቦ ላይ አንድ ጨዋታ አለ። አጫጆቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ጎንበስ ብለው ወደፊት ይገፋሉ። አንዱ ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ ግራና ቀኙ ያሉት ያልፉትና ከፊቱ ይገጥሙበታል፤ ዙሪያውን ያጭዱና ካልታጨደ ጤፍ ቁራጭ ጋር መሃል ሜዳ ላይ ያስቀሩታል። “ደሴት ገባ!” ይባላል። ማጭዳቸውን እያጋጩ ይዘፍኑበታል። ደሴት የገባ ሰው ያቺን ጤፍ በገዛ እጁ አጭዶ ካልወጣ ወደ መብሉ አይጠጋም። ጣና ላይ ያሉት ደሴቶች መናኝ አለባቸው፤ የእኛው ደሴት ግን ነዋሪው እፍረት ነው።

ዘንድሮ መጀመሪያ ደሴት የገባው የእህቴ ልጅ ክንዱ ነበር።

ክንዱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ከጓደኛው ከወንዳወቅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ እናቱ በየሳምንቱ ስንቅ ትልክለታለች። “አጎቱ ከተማ እያለ ለምን ይከራያል?” የሚል አይጠፋም። እኔ ቤት እንግዳ አይነጥፍም፣ ወሬም አያልቅም። አንድ ጊዜ ለፈተና ሲያጠና ቆይቶ ያጠናውን ብጠይቀው የእኔን የበሬ ታሪክ ከነ ሳቁ በቃሉ ደገመልኝ። በማግስቱ ጓዙን ይዞ ወጣ። አልተቀየምኩትም።

ለአዝመራው ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ መጣና በእናቱ ጎረቤት በአያ ሃይለ ሚካኤል ደቦ ላይ ተሰለፈ። አባቱ በሕይወት ሳለ በአጨዳ የታወቀ ሰው ስለነበር ሁሉም ዓይኑን ልጁ ላይ ጣለ። ልጁ ግን እጁ ለስልሷል። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ራስ ሳትላቀቅ ቀረ፤ ወዲያው ዙሪያውን ገጠሙበት። እኔም አፌ ሥራውን ያውቃልና እዚያው ፈትዬ ወረወርኩበት፦

“ማጭዱን በስክሪብቶ ለውጡለት እባካችሁ፣
ጤፉ እንኳን ሳቀበት እናንተ እያያችሁ።”

ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ጎረምሶቹ ግጥሟን ተቀብለው ዋሉባት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ “ስክሪብቶ” ሆነ። ክንዱ መሃል ላይ ቆሞ ማጭዱን ሲያገላብጥ አየሁት። ሳቀም። እኔ ደስ ያለው መሰለኝ።

በሚቀጥለው ደቦ ግን ሌላ ሰው መጣ። ጎንበስ እንዳለ ቀና አላለም። እሾህ ወጋው፣ አላየውም። ማጭዱ አውራ ጣቱን ጫረው፣ በጤፍ ገለባ ጠረገና ቀጠለ። ውኃ ሲዞር አልጠጣም፣ ቆሎ ሲዞር አልዘገነም። የራሱን ትልም ጨርሶ የጎኑን ሰው ትልም ተሻማ። ስክሪብቶ ያሉት ጎረምሶች ምራቃቸውን ዋጡ።

እኔማ ምን እሆናለሁ! እንዲህ ያለ ዕቃ እጁ የገባ ደላላ ዝም ሊል ነው? ጅጋ ላይ ሳወራው ክንዱ ሁለት ሰው ያክል ነበር። ፍኖተ ሰላም ስደርስ አራት ሆነ። ወሬው ቡሬ ሲገባ ኮምባይነር ሆኖ ነበር የገባው።

ታዲያ ከቡሬ አንድ ሰው መጣ። ኢሳ ይባላል። እህል ይነግዳል፣ ያርሳልም፤ በአጨዳ በዚያ አገር እሱን የሚቀድም የለም። ከእኔ ሁለት በሬ ገዝቶ አንዱ እንደነገርኩት ሆኖለት ወዳጄ ሆኗል። ገበያ መሃል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፦

“አያ ጌታሁን፣ ያንተ ኮምባይነር ነዳጁ ምንድን ነው? የቡሬ ሰው እንቅልፍ አጣ እኮ” አለኝ።

“የእህቴ ደቦ ደርሷል። ማጭድህን ስለህ ና። ከኋላው ሆነህ ነዶ ትሰበስባለህ።”

“ነዶ ልሰብስብ? እኔ?”

“ካልቻልክ ተቀምጠህ ታያለህ።”

ሰው ከቦን ነበር። አጨበጨበ። ነገሩ በዚያው ታሰረ።

ክንዱ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ስለነበር ለኢሳ ላሳየው ወደ ገበያው አስጠራሁት። መጣ። ኢሳ ከላይ እስከ ታች ቃኘውና “ይህ ነው? ይህማ ነፋስ ሲነፍስ የሚሄድ ልጅ ነው!” ብሎ ሳቀ። ክንዱም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከፊቱ ላይ ሳይነሳ ቆየ። አፍንጫውን ያካል፣ አንገቱን ያካል። ከአንድ ምግብ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠን የሱፍ ፍትፍት አዘዝኩለት። ክንዱ በልጅነቱ ለሱፍ ፍትፍት ነፍሱን የሚሸጥ ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ተቀምጦ ሳለ አንገቱ እንደመሰበር አለና ቀና አለ።

ዓይኑን አየሁት። በጥላው ውስጥ የዓይኑ ብሌን ሊሰፋ ሲገባው ጠቦ የጎመን ዘር አክሏል።

እንግዲህ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተንኮለኛ ሻጭ በሬውን ለገበያ ሲያወጣ አስቀድሞ ጨው ያልሰዋል፤ ከዚያ ውኃ ያጠጣዋል። በሬው ሆዱ ተወጥሮ፣ ጎኑ ሞልቶ ይቆማል። ያላወቀ ገዥ ይደነቃል። ቤት ሲደርስ ውኃው ይወጣና በሬው ከነቆዳው ይቀራል። እኔ እንዲህ ያለውን በሬ ሦስት አገር ርቄ አውቀዋለሁ፤ ዓይኑ ይነግረኛል። ጥጋብ ያለበት ሰውነት ላይ ጥጋብ የሌለበት ዓይን ታያለህ።

የእህቴን ልጅ ሳየው ያ በሬ ትዝ አለኝ።

ክንዱ “ክፍል አለኝ” ብሎ ሲሄድ እኔ ወደ ተከራዩባት ቤት ሄድኩ። ወንዳወቅን ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያንቀላፋል።

“ወንዳወቅ።”

“አቤት አያ! አላንቀላፋሁም።”

“አላንቀላፋህም። ጸሎት ላይ ነህ። ምን እየዋጣችሁ ነው?”

ሊክድ አፉን ከፈተ። እኔ እንደ ልማዴ እጮሃለሁ ብሎ ሲጠብቅ ዝም ብዬ ከአጠገቡ ብቀመጥበት ግራ ገባው መሰለኝ፣ ክህደቱ አልመጣለት አለ።

“ሞተር ሳይክል ጥሎኝ እግሬ ሲሰበር ለሕመሜ የታዘዘልኝ ክኒን ነበር” አለ። “እግሬ ዳነ። ክኒኑ ግን ቀረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ደግሞ ቀኑ አልመሽ አለን፣ አያ። የሚያመጡ ልጆች አሉ፣ እነሱ ይሰጡናል። ክንዱ እስከ ዘንድሮ ንክችም አላደረገ። ከዚያ ከደቦው ሲመለስ ነው ‘ያቺን ነገር ስጠኝ’ ያለኝ።”

“ከየትኛው ደቦ?”

ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ። “ግጥም ከተገጠመበት።”

በሩ ሲንቋረር ቀና አልኩ። ክንዱ ከነደብተሩ ቆሟል። ክፍልም አልነበረው። ሁለታችንን አይቶ ሁሉ ነገር ገባው፤ ደብተሩን አልጋው ላይ ጣለና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

“እንግዲህ ይጩሁ” አለኝ።

“አልጮህም።”

“ለምን?”

“ድምፄን ለእናትህ ደቦ አስቀምጬዋለሁ።”

አልሳቀም። እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ እንዲህ አለ፦ “እዚህ ከተማ ‘ገጠሬ’ ነኝ። አነጋገሬን እየቀዱ ይስቁብኛል። እማየ ዘንድ ስሄድ ‘ስክሪብቶ’ ነኝ። ክኒኗን ስውጣት ሁለቱም አይደርሱብኝም፣ አያ። ብርድ ልብስ እንደለበስኩ ነው። ወገቤም የእኔ አይደለም፣ እጄም የእኔ አይደለም። ያጭዳል ዝም ብሎ።”

“እኔስ? በየገበያው አላሞገስኩህም?”

“እሱ እኮ ነው የባሰው።” ዓይኑን አነሳ። “ስድቡ ለአንድ ቀን ነበር። አንቱ ያወሩለትን ክንዱ ግን በየደቦው ማን ያምጣው? እኔ አላውቀውም ሰውየውን።”

ፍኖተ ሰላም ጸጥ አለች። ባጃጁም ቆመ፣ ወፍጮውም ቆመ፣ ደወሉም አልተደወለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያች ከተማ ከተቆረቆረች ወዲህ አልሆነም።

“ለኢሳ ነገሩ ቀርቷል እለዋለሁ” አልኩ በኋላ።

“እንዳያደርጉት! ፈራ ይሉኛል። እማየንስ ምን ይሏታል? በአባቴ ማሳ ላይ እኮ ነው። ለዚያች ቀን ብቻ ሁለት እጥፍ እውጣለሁ፣ ከዚያ እተዋለሁ። በአባቴ አጥንት።”

ሁለት እጥፍ ያላት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሙሚና ሄድኩ።

ሙሚና መድኃኒት ቤት አላት። አባቷ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ ተምራ ተመርቃ መጣችና ከአባቷ መጋዘን ጎን ከፈተች። ጠንካራ ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከእጇ አይወጣም፤ በዚህም የተቀየማት ብዙ ነው።

“አያ ጌታሁን! ዛሬ ስንት በሬ አደለቡ በአፍዎ?” አለችኝ።

“ሙሚና ልጄ፣ አንድ ወዳጅ አለኝ። የእህቱ ልጅ...”

“ወዳጅዎ እርስዎ ነዎት። ይቀመጡ።”

ነገርኳት። ሳልጨምር ነገርኳት፤ ስጨርስ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚውጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝና እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

“ይህ ክኒን ሕመሙን ብቻ አይደለም የሚያስተኛው” አለች። “ትንፋሽንም ያስተኛል። ብዙ ከወሰደ፣ መጠጥ ከደረበበት ደግሞ መተንፈሱን ሊረሳ ይችላል። ተቀምጦ ያንቀላፋ መስሎ ይቀራል። ደቦው ላይ ጠላ አለ አይደል?”

“ያለ ጠላ ምን ደቦ አለ?”

“እንግዲያ ያን ቀን መዋጥ የለበትም።”

“ደብድቤም ቢሆን...”

“ኧረ በአላህ! የሚውጠው ስለሚያፍር ነው። ጨምረው ካሳፈሩት ጨምሮ ነው የሚውጠው። ሲተው ሰውነቱ ይታመማል፤ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሐኪም ዘንድ እኔው እወስደዋለሁ፤ የማውቃቸው ጥሩ ሰው አሉ። ብቻ ደቦውን በሰላም ያሳልፉት።” ከዚያ ፈገግ አለች። “ለሰውም አያውሩ።”

ይህን ያለችው ለእኔ ነው። ለእኔ! ሆዴ ምስጢር ሲገባበት እንደ ጠላ ጋን የሚፈላ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን ወሬ እንዳታመልጠኝ ቆሎ አፌ ውስጥ ሞልቼ ዋልኩ። ገበያተኛው “ጌታሁን ታሟል” አለ፤ ሁለት ሰው ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ።

የደቦው ቀን ደረሰ። ሠርክአዲስ ገና ሳይነጋ ተነስታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ደረስኩና አገላብጣ ሳመችኝ።

“ወንድምዓለም፣ ልጄ የአባቱን ክንድ ወረሰልኝ እኮ! አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “መብል ግን እምቢ ብሎኛል። ዓይን በልቶት ይሆን? አንተም ወሬውን አበዛኸው።”

ምላሴ ከጥርሴ ጀርባ እንደ ታሰረ ወይፈን ተራገጠ። “ይበላል ዛሬ” አልኳት ብቻ።

ኢሳ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ጎራዴ ይዞ መጣ። አያ ሃይለ ሚካኤል የደቦው አለቃ ሆኖ ሰውን አሰለፈ። ጤፉ ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ አንድ ጭብጥ ብትጨብጥ ኪስህ ይሞላል። የመጀመሪያው ጠላ በጣሳ ዞረ። ክንዱ ጣሳውን ተቀበለ። በግራ እጁ ከትከሻው ላይ የጣላትን ፎጣ ጫፍ ያዘ። እናቶቻችን ሳንቲም እንደሚቋጥሩት ጫፏ ተቋጥሯል። ጣቱ ቋጠሮዋን መፍታት ጀመረ።

ሁሉም ከእኔ ሽለላ ይጠብቃል። እኔ ዱላዬን መሬት ላይ ወረወርኩት።

“ማጭድ ስጡኝ!”

በዚያ ሰፈር የእኔን እጅ ከማጭድ ጋር ያየ ሰው የለም፤ ያየ ቢኖርም ሞቷል።

አያ ሃይለ ሚካኤል “ጌታሁን፣ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ የሚያሳይህ ሰው ልስጥህ?” ሲል ሰው ሁሉ ፈነዳ።

“እሱንስ አላጣውም። ቦታ ልቀቁ!” አልኩና ከክንዱ ጎን ገባሁ። ጣሳውን ከእጁ ተቀብዬ ለጎኔ ሰው አሳለፍኩት። ጎንበስ ስል ጉልበቴ ጮኸ፤ ዱርቤቴ ከተማ ድረስ ተሰምቷል።

“አትዋጣት” አልኩት በሹክሹክታ።

“አያ፣ ይተዉኝ።”

“አልነካህም። አልቀማህም። ግን እወቅ፣ ዛሬ ደሴት የምገባው እኔ ነኝ። አጎትህን ብቻውን ትተኸው ማለፍ ትችል እንደሆነ እለፍ።”

“እየቀለዱ ነው?”

“ወገቤን እየው፤ ቀልድ ይመስላል?”

አለቃው “በሉ!” አለ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ኢሳ ጤፉን እንደ እሳት ይበላው ጀመር። እኔ አንድ ጭብጥ አጨድኩ። ሁለተኛዋን ስይዝ ዓለም ዞረችብኝ። ሦስተኛዋን ልይዝ ስል ጉልበቴ ሳይፈቅድልኝ በቂጤ ቁጭ አልኩ፤ ይህኛው እንኳን ለጨዋታ የታሰበ አልነበረም። ልነሳ ብል ወገቤ እምቢ አለ።

ክንዱ ሦስት እርምጃ ያህል ቀድሞኛል። አንድ እጁ ማጭዱን ይዟል፣ ሌላው ወደ ፎጣው ጫፍ ተመልሷል።

“ኮምባይነር!” አለ ኢሳ ከሩቅ። “ነዳጅ አለቀብህ?”

ሰው ሳቀ። ክንዱ የኢሳን ጀርባ አየ። ቋጠሮዋን አየ። ከዚያ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ፤ በመሬት ላይ ተቀምጬ፣ በእጄ አንድ ጭብጥ ጤፍ ይዤ፣ ላቤ በአፍንጫዬ ሲንጠባጠብ። እኔ አልጠራሁትም። ትንፋሽ አልነበረኝም።

ተመልሶ መጣና ከጎኔ ጎንበስ አለ። “ይነሱ፣ አያ።”

“አልችልም።”

“እንግዲያ ቁጭ ይበሉ። እኔ በዙሪያዎ አጭዳለሁ።”

ወዲያው ገጠሙብን። ማጭዶቹ ተጋጩ። “ደሴት! ደሴት! ሁለት ሰው ደሴት ገባ!” አሉ። እና ምን ቢዘፍኑብን ጥሩ ነው? የራሴን ግጥም! “ማጭዱን በስክሪብቶ” እያሉ ወረዱብን። ክንዱ ከንፈሩን ነከሰ፤ አንገቱ ደም መሰለ።

እኔ ያን ጊዜ በማጭዱ ተደግፌ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ መላእክት ሳይረዱኝ አልቀሩም። ደረቴን ነፋሁ፦

“ዘራፍ! እኔ ጌታሁን የገበያው አንበሳ፣
አንዲት ጭብጥ ጤፍ አጭዶ ማይነሳ!
ዘራፍ! ወሬው ቡሬ ደርሶ የተመለሰ፣
ጉልበቱ ከትልሙ ጫፍ ሳይደርስ የፈረሰ!”

አያ ሃይለ ሚካኤል ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ኢሳ ማጭዱን ጥሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ክንዱ ነው የሚስቀው። የገበያው ያ ፊት ላይ ተለጥፎ የቀረው ፈገግታ አልነበረም፤ እየታፈነ፣ እየሳለ፣ እንባው እየመጣ የሚስቀው ሳቅ።

ሰዎቹ ወደ ሌላው የማሳው ጫፍ ሲገፉ እኛ በደሴታችን ቀረን። ክንዱ የፎጣዋን ጫፍ ፈታና ያለውን ሁሉ መዳፌ ላይ አፈሰሰው።

“ይያዙልኝ” አለ። “ይጣሉት አላልኩም። ይያዙልኝ።”

“እይዝልሃለሁ።”

ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ማጨድ ጀመርን። ቀንድ አውጣ ቢያየን ያልፈናል። ጥቂት ቆይቶ ማጭዱን አቁሞ ጀርባውን ያዘ።

“አያ፣ ወገቤን አመመኝ።”

“እሰይ! ወገብህ ተመለሰልህ ማለት ነው።”

ሠርክአዲስ ውኃ ይዛ ከደሴቱ ዳር መጣች። መብል ክልክል ነው፣ ውኃ ግን አይከለከልም። ልጇ ጣሳውን ሲቀበል እጁ ሲርድ አየች። ፊቷ ላይ ያ የጠዋቱ ኩራት ጠፋ፤ በምትኩ ሌላ ነገር መጣ፤ ልጇን ከታመመበት አልጋ አጠገብ ሆና የምታየውን ዓይነት።

“ምን ሆነሃል ልጄ?”

“እማየ፣ ደቦው ሲበተን የምነግርሽ አለኝ። አያ እንዳይነግሩሽ። እኔው እነግርሻለሁ።”

“እኔማ ምን አውቃለሁ?” አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ጣሳውን ይዛ ሄደች። እህቴ ውሸቴን ከእውነቴ ለይታ ታውቃለች።

አጭደን ስንወጣ ሰው በልቶ ሊያበቃ ነበር። ኢሳ ለእኛ ቦታ ለቀቀና ክንዱን ትከሻውን መታ አደረገው። “እኔ እንኳ ለሽማግሌ ብዬ መቆም አልለመድኩም ነበር” አለ። “ዛሬ አስተማርከኝ። ብላ እንግዲህ።” ክንዱ በላ። ብዙ አይደለም፤ ግን እጁን ቶሎ አልሰበሰበም።

ከዚያ በኋላ ያለው ለጨዋታ አይመችም። ሙሚና እንዳለችው ወደ ሐኪሙ ወሰደችው። የታመመበት ሰሞን ነበር፤ ሲያልበው፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ “ያስቀመጡልኝን ይስጡኝ” ሲለኝ። ክኒኖቹን ሙሚና ዘንድ አስረክቤ ነበር፤ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁት። አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ አግኝቶ ዋጠ፣ ራሱም መጥቶ ነገረኝ። እናቱ አልጮኸችም፤ ስንቁን እየያዘች ራሷ መምጣት ጀመረች። አሁን እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ለእሱ ብዬ እንግዳ ቀነስኩ፤ ወሬ እንኳ ቀነስኩ፤ ይህን የሚያምን የለም እንጅ። ወንዳወቅ ገና ነው። አንዳንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። “ግባ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ” እለዋለሁ። አንዳንዴ ይገባል።

በቀደም ክንዱ ከትምህርት ሲመለስ ከብት ገበያ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። አንድ የጅጋ ሰው አየውና “ጌታሁን፣ ያ ኮምባይነርህ ከምን ደረሰ?” አለኝ።

አፌ ሊከፈት ነበር። ያዝኩት። “ያጭዳል። ሲደክመው ይቀመጣል። ይበላል” አልኩ።

“በቃ?”

“በቃ። ግን የገባንባትን ደሴት ሰምተሃል? የጣና ደቅን ታክላለች! ከዚህ ጫፏ ቆመህ እዚያ ጫፏ ያለ ሰው አይታይህም!”

“አያ” አለ ክንዱ ቀስ ብሎ፣ “ሁለት ሰው ጎን ለጎን አትይዝም ነበር። ጉልበትዎ ጎኔን ሲወጋኝ ነው የዋለው።”

ሰው ሳቀ። እኔ ከደቅ ወረድኩ፣ እሱ ከጉልበቴ ወጣ። እዚያው ገበያ መሃል እንደ ከብት ዋጋ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንከራከር ቆይተን አንዲት አውድማ በምታክል ደሴት ተስማማን።